እምቦጭ የጠፋ ጊዜ

አቶ ቡርሀን መረቡን ሲጎትቱ ከበዳቸው። «ቢስሚላህ! ዛሬስ አላህ ሰጠን!» አሉ ከታንኳቸው ላይ፣ ዳር ቆማ ዓሣ የምትቀበላቸው ልጃቸው ዘሀራ እንድትሰማ ጮክ ብለው። ደግመው ሳቡ። የወጣው ግን ዓሣ አልነበረም። ወፍራም አረንጓዴ ቅጠል፣ ሐምራዊ አበባ፣ እንደ ጢም የተንጨባረረ ጥቁር ሥር።

«እምቦጭ!» አሉ ድምፃቸው ወርዶ። «ያረቢ! እኛ ወሽመጥ ምን አመጣው?»

«ነፋስ ይሆናላ፣ አባየ» አለች ዘሀራ ወደ ሌላ እያየች።

ነፋስ አልነበረም። ያመጣችው እሷ ናት።

ወሽመጡ ከእምቦጭ በዋዛ አልጠራም። ሁለት ክረምት ሙሉ የመንደሩ ሰው እስከ ደረቱ ጣና ውስጥ ቆሞ በእጁ እየነቀለ ነው ያጠራው። አልቅት ያልመጠጠው እግር አልነበረም። አቶ ቡርሀንም ሆዳቸውን መታመም የጀመሩት ያኔ ነው። ብቻ ቀረሶ የሚሉት ዓሣ ተመለሰና ድካሙ ተረሳ።

ዘሀራ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ባሕር ዳር ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ሥራ የለም። በመጨረሻ «ወጣቱን በክብ ኢኮኖሚ እናሳትፍ» የሚል ባነር የተሰቀለበት ስልጠና ተጠራች። ለውሎ አበሉ ሄዳ ሙያ ይዛ ተመለሰች። እምቦጭ ይደርቃል፣ ይጎነጎናል፣ ዘንቢልና ምንጣፍ ይሆናል። «ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም» ይል ነበር አሰልጣኙ። ቆሻሻው ያለቀ ዕለት ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አልነገራቸውም።

ከጓደኞቿ ጋር ተደራጀች። ዘንቢሎቹን የሐይቁ ዳር ሆቴሎች ወደዷቸው። አባቷ አሁን የሚጎትቱትን መረብ የገዛችላቸው እሷ ናት። እምቦጩ ከሰሜኑ ዳርቻ በአይሱዙ ይመጣላቸው ነበር፤ በሚያዝያ መንገዱ ተዘጋና ቀረ። ትልቅ ትዕዛዝ ተቀብለዋል፤ ቀብዱም ተበልቷል። ያኔ ነው የቡድኑ ሰብሳቢ ምናሴ ያን ሐሳብ ያመጣው። «እናሳድገዋ! ካጠርነው የት ይሄዳል?»

ቤንዚን እንደ ወርቅ በተወደደበት ጊዜ ከሐይቁ ማዶ ከደልጊ በኩል በጀልባ ሁለት ጆንያ እምቦጭ አስመጡ። ዳር ከበቀለው ደንገል ጀርባ ዘሀራ በምታውቀው ጥግ ጨመሩትና በእንጨትና በአሮጌ መረብ አጠሩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክረምቱ ገባ፣ ሐይቁ ሞላ፣ አጥሩ ሰመጠ። ዘሀራ አሁን ቀና ብላ ስታይ ከደንገሉ ወዲህ ያለው ውኃ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል።

ስልኳ ጮኸ። ምናሴ ነበር።

«ዘሀሪ፣ የት ጠፋሽ? ያሰለጠኑን እንግዶች ደረሱ እኮ! ቲሸርቱን ልበሽና ነይ፤ የመሥሪያ ሼዱን ዛሬ ነው የሚያስረክቡን።»

«አጥሩን አልፎ ሄደ፣ ምናሴ።»

«ምኑ?»

«እምቦጩ ነዋ! ወሽመጡን ሊሸፍነው ነው። አባየ መረብ ላይ አየሁት።»

«ታዲያ እሰየው! ለትዕዛዙ ይበቃናል ማለት ነዋ!»

«አላህን አትፈራም?» ብላ ዘጋችበት። ያናደዳት የእሱ ንግግር ብቻ አልነበረም። በዚያች ቅጽበት እሷም ስንት ዘንቢል እንደሚወጣው አስባ ነበር። በራሷ አፈረች።

አቶ ቡርሀን ታንኳቸውን አስጠግተው ወረዱ። መረቡ ሁለት ቦታ ተቀዷል። ሥሩን ከመረቡ እያላቀቁ ዳር ከመሩት፤ ትንፋሻቸው አጠረ።

«አባየ» አለች ዘሀራ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎ።»

«ቆይ፣ ልጄ፣ እኔ ልንገርሽ። እንግዲህ ሰዉ ዳግመኛ ዘመቻ ሊወጣ ነው። እኔ ግን አልችልም፤ ውኃ ውስጥ የሚያቆም ጉልበት የለኝም። እምቦጭ ባለበት ዓሣ የለም፤ የኔ ነገር አበቃ።» በእጃቸው ፊታቸውን ጠረጉ። «አላህ አንዱን ሲዘጋ አንዱን ይከፍታል። ያንች ሥራ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር? እጅሽ ይባረክ። እኔን ያስራበኝን አረም እንጀራ አደረግሽው።»

ከእርግማን ይልቅ ምርቃቱ አመማት። እግራቸው ላይ ወድቃ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ልትላቸው ፈለገች። ብትናገር መንደሩ ይሰማል፤ ሼዱም ትዕዛዙም ይቀራል። ባትናገር ደግሞ አባቷ ነፋሱን ሲረግሙ ይኖራሉ።

አቶ ቡርሀን ማጭዳቸውን አነሡ። የከመሩትን እምቦጭ ከትፈው፣ ሲደርቅ ሊያቃጥሉት ነው። የመጀመሪያውን ነዶ ጨብጠው ማጭዱን አሳረፉበት።

«አይቁረጡት፣ አባየ» አለች ዘሀራ።

«ምን ልታደርጊው?»

«አገዳው ካጠረ ለዘንቢል አይሆንም» አለች፤ እንባዋን ለመደበቅ አጎንብሳ። «ሥር ሥሩን ብቻ ያንሡልኝ።»

አቶ ቡርሀን ማጭዱን አስቀመጡና፣ ለዓሣው አንጥፈውት በነበረው ማዳበሪያ ላይ እምቦጩን አገዳ ከአገዳ እያስተካከሉ ይደረድሩላት ጀመር።