ካርዱ ላይ ያልነበረው እግር

አሥራ ስምንት ዓመት ነርስ ነበርኩ። አሁን በሰው አገር በቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል እወለውላለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ፈተና እስካላለፍሽ ነርስ አይደለሽም ተብያለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ደግ ሴት ናት፤ አንድ የነርስ ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዛልኛለች። «ከዚያ በላይ አልችልም፣ እህቴ» ብላኛለች።

ንባቡን፣ ጽሑፉን፣ ማዳመጡን አለፍኩ። የቀረኝ ንግግሩ ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ መቅጃ፣ ፊት ለፊቴ በሽተኛ ሆኖ የሚተውን ወፍራም ሰውዬ። ካርዱ «ታካሚው ስኳር አለበት፤ ስለ አመጋገብ ምከሪው» ይላል። አምስት ደቂቃ።

ጀመርኩ። እሱም «ጣፋጭ አልተውም» እያለ ይሟገተኛል። መሃል ላይ እግሩን ሲዘረጋ አየሁት። የግራው ባት የቀኙን እጥፍ ሆኗል፤ ካልሲው ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ትንፋሹም ቆረጥ ቆረጥ ይላል።

ካርዱን አስቀመጥኩት። «ይሄ እግር እንዲህ ከሆነ ስንት ቀን ሆነው?»

«ካርዱ ላይ የለም» አለኝ በሹክሹክታ፣ መቅጃውን እያየ።

«እግርዎ ላይ ግን አለ። ደም ረግቶ ይሆናል። ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድልዎታል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

ስለ ስኳር ሳልናገር ሰዓቱ አለቀ።

በሁለት ሳምንቱ ውጤቱ መጣ። ወድቄያለሁ፤ ምክንያቱ «ከተሰጠው ርዕስ መውጣት»። ያረመኝ ቅጂውን ሌላ ከተማ ተቀምጦ የሰማ ሰው ነው፤ እግር ደግሞ በጆሮ አይታይም። ባሌ «ምን አገባሽ! ስኳር ስኳር ብለሽ አትወጪም ነበር?» አለኝ። የኔ እጅ ድሮም አመድ አፋሽ ነው።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ኮሪደሩን ስወለውል ያ የፈተናው ሰውዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ለክትትል መጥቶ ነው። ገና ሲያየኝ እጆቼን ከነጓንቲያቸው ያዘ።

«ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገይ አልቆልህ ነበር አለኝ። ያሉኝ አንድም ሳይቀር ገብቶኝ ነው የሄድኩት» አለ።

«ከገባዎት ይሄንኑ ለፈተናው ቢሮ ይጻፉልኝ። ቦታዬ ዛሬ ያበቃል።»

እጄን ለቀቀ። «እሱ እንኳ… ደንቡ አይፈቅድም። የኔ ሥራ መተወን ነው። ከጻፍኩ ያባርሩኛል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ይሄ ሰውዬ ግን ሞኝ አልነበረም፤ ደሜን ያፈላውም ይኸው ነው። ኃላፊዋ በሯ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

«እንግዲያውስ እግርዎን ያንሱልኝ» አልኩት፤ «ልወልውል።»

ሁለቱንም አነሳቸው። እኩል ሆነዋል።