የእህቴ ግድግዳና የሜትሮ ደብዳቤ

«እሱ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግንበኛ የሆነው?» ብሎ ያፌዘብኝ ሜትሮ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የምንሠራው ቤት ባለቤት «ይህን የመሰለ ግድግዳ ማን ሠራው?» ብላ ስትጠይቅ። ሲሚንቶው ገና እጄ ላይ አልደረቀም ነበር። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያች ሳቅ ናት።

ሜትሮ ያልነው ሜትር ከኪሱ ስለማይጠፋ፣ ሲለካበት ግን ታይቶ ስለማያውቅ ነው። ዛሬ ባለፈቃድ ተቋራጭ ሆኗል። በመንግሥት ገንዘብ የድሆች ቤት ሲጠገን የእኛን ሰፈር የያዘው እሱ ነው። የታላቅ እህቴም ቤት ተመዝግቧል። የጓሮው ግድግዳ ከመሠረቱ ለቆ ወደ አልጋዋ አዘንብሏል፤ ፈርሶ መሠራት አለበት። ሜትሮ ግን ከበር ሆኖ አየውና «ልስን ይበቃዋል» ብሎ ሄደ።

«ወንድምዬ፣ አፈሩ ትራሴ ላይ እየረገፈ ነው» አለችኝ።

«አልጋውን አዙሪዋ!»

«ወዴት? ክፍሉ ማለት እኮ አልጋው ነው።»

እህቴ የፈለገችውን ባለፈቃድ መምረጥ ትችላለች ሲሉኝ ለፈቃዱ ተሯሯጥኩ። የተግባር ፈተናውን አለፍኩ። የቀረኝ አምስት ዓመት በሙያው መሥራቴን የሚመሰክር የተቋራጭ ደብዳቤ ነው። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን የጨረስኩት ለማን ስሠራ ነው? ለሜትሮ። ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሮው ገባሁ። ወንበር ሞልቷል፤ ተቀመጥ አላለኝም።

«ጋሼ፣ እባክዎ ደብዳቤዋን ይጻፉልኝ» አልኩት፣ በሁለት ዓመት የምበልጠውን ሰውዬ።

«ዛሬ ገና ጋሼ ሆንኩ?» አለና አስተይቦ ያስቀመጠውን ወረቀት ገፋልኝ። «አንብብና ፈርም።»

አምስት ዓመት በግንበኝነት ይላል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ወረድ ሲል ግን፣ አምና የሠራነው፣ አሁን የተሰነጠቀው የአንዲት መበለት ቤት መሠረት በእኔ ትእዛዝ እንደተቆፈረ ይናገራል። መሠረቱ አልጠለቀም ብዬ የለመንኩት እኔ! «ዝም ብለህ ደርድር» ያለኝ እሱ!

«ይሄማ ውሸት ነው።»

«የዚያ ቤት ጉዳይ የሚጣራው በሚቀጥለው ወር ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ፈቃዱን ዛሬ ታገኛለህ። እስኪነጥቁህ ድረስ የእህትህን ግድግዳ ትጨርሳለህ። ካልፈለግህ ተወው፤ ልስኑን ሰኞ እጀምራለሁ።»

አፈር የረገፈበት ትራስ ታየኝ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

«አመሰግናለሁ እንኳ አይባልም እንዴ?» አለኝ ማኅተሙን እየመታ።

ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ፣ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እያልኩበት ወጣሁ።