ሰባት ኪስ ያለው ሰደርያ

«ኧረ በፈጠረሽ፣ እንዳትነኪኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን ዘርግታ ወደ ኋላ አፈገፈገች። የባሏ እህት፣ ያቺ ሁሌ ስለምትቸኩል ሰው ሁሉ «ጥድፊያ» የሚላት፣ ልትስማት እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

«ምነው? ተጣላን እንዴ?»

«መብራት ጠፋ። ለብሼያቸዋለሁ።»

እውነትም ለብሳቸዋለች! ከወፍራም ጨርቅ ሰደርያ ሰፍታ፣ ከውስጥ ሰባት ኪስ አበጅታ፣ በየኪሱ አንድ አንድ እንቁላል ከታለች። ሆዷ ዙሪያውን እብጥ እብጥ ብሏል።

ጉዱ የጀመረው እንዲህ ነው። ዶሮዋ ስፌት ቤቱ ጥግ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ በሰላም ታቅፋ ነበር። በአስራ ሁለተኛው ቀን አዲስ የስፌት መኪና መጣና ሰፊዋ «ትንሽ ፈቀቅ ባደርጋት ምን ትሆናለች?» ብላ ሳጥኑን በረንዳ ላይ አወጣችው። ዶሮዋ ተነሳች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ሄደች። በቃ! ቢለምኗት፣ ጥሬ ቢበትኑላት፣ ወይ ፍንክች። ሰፊዋ እንቁላሎቹን በመብራት ብታያቸው ውስጣቸው ይንቀሳቀሳል።

«እናታቸውን ያስኮረፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሰባቱንም ሳላስፈለፍል እረፍት የለኝም።»

ካርቶን አመጣች፣ አምፖል አንጠለጠለች፣ ውሃ በኩባያ አስቀመጠች፣ የትኩሳት መለኪያ ሰካች። አየሩ ደረቅ ሲላት የልብስ መተኮሻውን እንፋሎት እፍ ታደርግበታለች። የቱ ጎን እንደተገላበጠ እንዳይጠፋት ደግሞ እያንዳንዱን እንቁላል በስፌት ጠመኔ ምልክት አደረገችበት።

ፀጉር አስተካካዩ ባሏ ቀና። «እኔ ስታመም እንዲህ ሙቀቴን ለክተሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተም እንደነሱ ዝም ብለህ ተገላበጥና እለካሃለሁ!»

እና መብራት ጠፍቶ ጥድፊያ የመጣችው ልክ በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ነው። ቀሚስ ልታሰፋ ነው የመጣችው። ሰፊዋ ሜትሯን የጥድፊያ ወገብ ላይ ጠምጥማ ስትለካ «ጪው!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ስልክሽ ይጠራል» አለች ጥድፊያ።

«ስልኬማ ጠረጴዛው ላይ ነው።»

ሁለቱም ቀስ ብለው ሰደርያውን አዩ። ከዛማ እልልታው ቀለጠ! ሙቅ ውሃ ጠርሙስ ሞሉ፣ በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ካርቶኑ ውስጥ አስተኙትና እንቁላሎቹን ጎኑ ደረደሩ። የመጀመሪያው ጫጩት ቅርፊቱን በሳ ሲያደርግ ሰፊዋ ትዕግስት አጣች። በጥፍሯ ላጥ ስታደርገው ደም! ጩኸቷን ሰምቶ ባሏ ጥጥ ይዞ ከፀጉር ቤቱ እየበረረ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ፂም ሳይሆን ነፍስ ልትላጪ ነበር እኮ!»

ደግነቱ ደሙ ቆመ፤ ጫጩቱም እየተንገዳገደ ተነሳ። ሰፊዋ ግን ደነገጠች፤ ከዚያ በኋላ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። መብራቱም መጣ፣ ሌሎች አምስትም በየራሳቸው ጊዜ ብቅ ብቅ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ስድስት ቢጫ ኳሶች ካርቶኑን በአንድ እግሩ አቁመውት ነበር!

ሰባተኛው ነው ጉዱ። ከትናንት ጀምሮ አንዲት ቀዳዳ በስቶ፣ የምንቃሩን ጫፍ አውጥቶ፣ እዛው ቆሟል። እኩለ ቀን ሆነ፣ አሁንም ያው። ድምፁ ቀጠነ።

«ደርቆበት ተጣብቆ ነው» አለች ጥድፊያ። «ቶሎ በይ፣ ላጪለት! አየር አጥቶ ሊሞትብሽ ነው!»

«እንዳትነኪው» አለ ባሏ። «ገና ቅርፊቱ ላይ የቀረውን ደም ወደ ሰውነቱ ስቦ ሳይጨርስ ቢሆንስ? የትናንቱን ረሳሽው? ያኛው እድለኛ ሆኖ ነው።»

ሰፊዋ በለብ ያለ ውሃ የነከረችውን ጥጥ በአንድ እጇ፣ ወረንጦ በሌላ እጇ ይዛ እንቁላሉ ላይ አጎነበሰች። ከውስጥ፣ በጣም ቀጭን፣ «ጪ...» አለ።



እስቲ እናንተ በሷ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?