ለአንድ እጅ የተበጁ ቁልፎች

አራሚው ከሕመሙ ተነሥቶ ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲመለስ ምላሱ ተፈትቶለት ነበር፤ እግሩም ደረጃውን ይወጣ ነበር። ቀኝ እጁ ግን ባስቀመጡት ቦታ የሚውል ሆኖ ቀረ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ሆኖም በሥራ ጉዳይ የሰው ፊት አያይም፤ በእጁ የሚያልፈውን ገጽ ሁሉ በቀይ ስለሚሰነጥቅም እርሱ በሌለበት ሠራተኛው «ቀይ ቀለም» ይለዋል። እርሱም ነገሩን አላድበሰበሰም።

«ሐሙስ ጠዋት አንድ ምዕራፍ ፊቴ ታርማለህ» አለው። «ከቻልክ ወንበርህ የራስህ ነው። ካልቻልክ መጋዘን ውስጥ ወረቀት የሚረከብ ሰው ያስፈልገኛል።»

አራሚው ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ ነው። ወደ መጋዘን መውረድ ለእርሱ ከቃላት መለየት ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ታናሽ እህቱ ወደ ቤቱ መጣች። የትምህርት ቤት ኮምፒውተሮች ጠጋኝ ናት፤ በወንድሟ ኮምፒውተር ላይም ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት የጫነችለት እርሷው ናት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ «ተነሥልኝ ጋሼ» አለችው፤ ተነሣላት። በወንበሩ ተቀመጠችና ማስተካከያውን ከፈተች፤ ኪቦርድ ወደሚለው ገባች፤ ከዚያም አቋራጮች ወደሚለው።

«ጊዜህን የሚበላው ማውሱን ማንሣትና ማስቀመጡ ነው» አለች። «በግራ ዳር ያሉትን ኮንትሮልና ኦልት የሚባሉትን ቁልፎች ይዘህ የቀኝ ቀስቱን ስትጫን ከደራሲው ረቂቅ ለኅትመት ወደ ተሰናዳው ገጽ ትሻገራለህ። በግራ ቀስቱ ትመለሳለህ። በኤንተር ደግሞ እርማትህ ይቀመጣል።»

ለእያንዳንዱ አቋራጭ ስም ሰጠችው፤ ማሽኑ የሚፈጽመውን ትእዛዝ ጻፈችለት፤ በመጨረሻም ቁልፎቹን ተጭና ከማሽኑ ጋር አስተዋወቀችው።

«ገባህ?»

«ገባኝ።»

«አፍህን ሞልተህ በለዋ!»

«ገባኝ አልኩ እኮ፣ አንቺ ልጅ!»

በእርግጥም ገብቶት ነበር። እርሷ ከሄደች በኋላ ተቀምጦ በግራ እጁ ሁለቱን ቁልፎች ያዘ። ቀስቱ ያለው በሰሌዳው ቀኝ ዳር ነው። እጁን ቢዘረጋ የያዘውን ይለቅቃል፤ የያዘውን እንዳይለቅቅ ቢጠነቀቅ ቀስቱ ዘንድ አይደርስም። በአገጩ ሞከረ። በክርኑ ሞከረ። ሰው እንዳላየው ዞር ብሎ ካረጋገጠ በኋላ ማውሱን መልሶ ያዘ።

ለእህቱ ግን አልደወለላትም። ይህን ዝምታ ትሕትና ብሎ የሚጠራው ይኖር ይሆናል፤ ትሕትና ግን አልነበረም። ከታመመ ጀምሮ ሸሚዙን የምትቆልፍለት፣ ሐኪም ፊትም የምትናገርለት እርሷ ናት፤ «ይህም አልሆነልኝም» ማለት ሌላ ሸክም መሰለው። ችግሩን የሚደብቅ ሰው የሚረዳውን ዐይኑን ጨፍኖ እንዲሠራ እንደሚያስገድደው አላሰበም።

ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጎራ አለች፤ ማውሱን ጨብጦ አገኘችው።

«ምነው ጋሼ? ያን ሁሉ ለፍቼ!»

«ቀስቱ ሩቅ ነው።»

«ሩቅ? ሁለት ስንዝር እንኳ አይሞላም እኮ! ሐሙስ ቀይ ቀለም ፊት እንዲህ ልትል ነው? ዞር በል እስቲ።»

በትከሻው በኩል ጎንበስ ብላ እጆቿን ሰደደች። ገጾቹ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ።

«ይኸው! ምን አለው?»

«እንዳለሽ ሁኚ» አላት። «እጆችሽን እንዳታነሺ። አሁን ቁጠሪያቸው።»

ዝቅ ብላ አየች። ግራዋ በግራ፣ ቀኟም በቀኝ ዳር ነበሩ። ፊቷ ደም መሰለ።

ሙያዋን ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት ናት። የተሳሳተችው ሁለት እጅ ያለው ሰው በስንቱ እንደሚሠራ ልብ ስለማይል ነው። ለሌላው ልብስ ስንሰፋ ልኩን በገዛ ገላችን እንወስዳለን፤ ልብሱ አልሆነው ሲልም ሰውየውን እንወቅሳለን።

«እሑድ ለምን አልነገርከኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«የኔ ደስታ መጋዘን ሊከትህ ነበር እኮ፣ አንተ ግትር!»

የአንገት ሻርፏን ፈትታ ቀኝ እጇን ወደ ኋላ አጠፈች።

«እሰርልኝ።»

«በአንድ እጅ?»

«ጥርስ የለህም እንዴ?»

እየሳቀ በግራ እጁና በጥርሱ አሰራት። እርሷም በወንበሩ ተቀምጣ አንድ ገጽ ለማረም ሞከረች። ገጹን ከመፈጸሟ በፊት የእጇ አንጓ አመማት፤ ኪቦርዱን የሠራውንም ሰው እስከ አያቱ ሰደበችው። ከዚያ ተነሥታ ወንድሟን አስቀመጠችው።

«ጣቶችህ ሲያርፉ የት ነው የሚያርፉት? ዝም ብለህ አሳርፋቸው።»

አሳረፋቸው። ሻርፏን ከፈታች በኋላ የእሑዱን አቋራጮች አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። አውራ ጣቱ በቀላሉ የሚደርሰው ሱፐር የተባለው ቁልፍ ዘንድ ነበር፤ ትእዛዞቹን ሁሉ ከእርሱና ከበላዩ ካሉት የግራ ፊደሎች ጋር አጣመረቻቸው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መጫን ቢከብደው ተራ በተራ ቢጫናቸውም ማሽኑ አብረው እንደ ተጫኑ እንዲቆጥርለት አዘዘችው። በመካከል ማሽኑ ጥያቄ አወጣ።

«ይሄ ቁልፍ ሌላ ሥራ አለው ይላል። ላፈናቅለው?»

«ተይው፤ ሥራ ፈት ፈልጊ። በዚህ ሰሞን መፈናቀል የሚባል ነገር ሆዴን ያመኛል።»

ሐሙስ ማለዳ አብራው ማተሚያ ቤት ሄደች፤ ቁልፎቹን በመሥሪያ ቤቱም ኮምፒውተር ላይ አስገባችለት። አለቃው ምዕራፉን በፍላሽ ይዞ ገባ፤ ወንድሟን ሳይሆን እርሷን ተመለከተ።

«እንዴት ነው? ይችላል?»

እንደ ልማዷ አፏን ከፈተች። ከዚያም መልሳ ገጠመችው።

«እዚሁ ነው ያለው፤ እሱን ይጠይቁት።»

አለቃው ወደ አራሚው ዞረ። «ትችላለህ?»

«ፍላሹን ይሰኩልኝ» አለ አራሚው።

ሥራውን ጀመረ። በፊት እንደነበረው አልፈጠነም። በምዕራፉ አጋማሽ ላይ ጣቱ ስቶ የተሰናዳው ገጽ ከዐይኑ ጠፋ። የእህቱ እጅ ከጭኗ ተነሣ፤ እርሷ ግን በሌላው እጇ ያዘችው። አራሚው ጣቱን አነሣ፤ ትንሽ አሰበ፤ ቁልፉን ፈልጎ ተጫነ፤ ገጹም ተመለሰ። እስከ መጨረሻው መስመር ሄደ።

አለቃው ከስክሪኑ ዐይኑን ሳያነሣ ገጾቹን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ።

«ዘግይተሃል።»

«አዎ።»

«ያመለጠህ ግን አላገኘሁም» አለ አለቃው፤ ቀጥሎም «ቀጣዩን ምዕራፍ ዛሬ ከሰዓት ታደርስልኛለህ?» ሲል ጠየቀ።

«ነገ ጠዋት።»

«ነገ ጠዋት ይሁን» አለና ፍላሹን እንደ ተሰካ ትቶት ወጣ።

በሩ ሲዘጋ እህቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ለምን ከሰዓት አላልከውም? ትደርስ ነበር እኮ!»

«አልደርስም» አላት። «የእጄን ልክ እኔ ነኝ የማውቀው።»

ልትከራከረው ፈልጋ ነበር። ነገር ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ እርሱም ሁለተኛውን ምዕራፍ ከፈተ።