ልዕልቲቱ ስኒውን የገለበጠች ዕለት

አቬሪል ፔድሊ የንጉሣውያኑን ወሬ የምታወራው ስለ አክስቷ ልጆች የምታወራ ያህል ነው። ሐሙስ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሻይ ለመጠጣት ስንሰበሰብ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ትጀምረናለች። «ልዑሉን እኮ ጉንፋን ጠርቅሞ ይዞታል» ትላለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሩ ላይ ሐኪሙ የቆመ ይመስል። ሌላ ቀን ደግሞ «ትንሿ ጥርስ አበቀለች! ደስ አይልም?» ትላለች።

አይዳ ሸራት አንድ ቀን አላስቻላትም። «ማን ነገረሽ? ደውለውልሽ ነው?»

«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል።»

«እሱንማ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን ማንም እንኳን ደስ አለሽ ብሎ እቤቴ አልመጣም።»

አቬሪል እንዲህ ያለውን ነገር አትሰማም። ባሏ በሕይወት ሳለ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ የስኒ ፋብሪካዎቹ እቶኖች ጭስ በማይደርስበት ኮረብታ ላይ ነው ቤታቸው። እኛ ልብስ አስጥተን ጥቀርሻ ስናራግፍ እሷ ከላይ ሆና ከተማው እንዴት እንደሚያምር ታይ ነበር። እንግዳ መቀበያ ክፍሏ ከወለል እስከ ጣሪያ በመስታወት ቁም ሣጥን የተሞላ ነው። ለዘውድ በዓል፣ ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለኢዮቤልዩ በከተማችን በሎንግተን የተሠራ ስኒና ሳህን ሁሉ እዚያ አለ፤ በአፏ እንደምትለው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዕቃ። አንዱም ሻይ ቀምሶ አያውቅም። የተፋቱት ልዑልና ልዕልት የሠርግ ሳህን ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሯል። ጥፋቱ የባልየው ብቻ ነው ብላ ብታምንም ሁለቱ የተሳሉት በአንድ ሳህን ላይ ስለሆነ ሚስትየዋም አብራ ትቀጣለች።

እኔ ሂልዳ ክሉሎ እባላለሁ። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ፋብሪካው እስከተዘጋበት ቀን ድረስ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ስኒ ላይ አበባ ስስል ኖሬአለሁ። አይዳ ከጎኔ ተቀምጣ በስኒው አፍ ዙሪያ የወርቁን መስመር ታዞር ነበር። አቬሪል ቁም ሣጥን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሲሶው በእኛና ሥራ ባስተማሩን ሴቶች እጅ ያለፈ ነው። ታዲያ እሷ ስለ ስኒ ልታስተምረን ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ የወርቅ መስመር እንዴት እንደሚሠራ ለአይዳ ሩብ ሰዓት አስረዳቻት፤ አይዳም አፏን ይዛ ሰማቻት፣ መጨረሻ ላይም «ይገርማል፤ እኔ እኮ በምራቅ ይመስለኝ ነበር» አለቻት።

ባለፈው ጸደይ «የሎንግተን ስኒ መቶ ዓመት» የሚል ዐውደ ርእይ በአዳራሹ ሊከፈት ሆነ። ዕቃውን የምታውሰው አቬሪል ስለሆነች የኮሚቴው ሊቀ መንበርም እሷው ሆነች። በዚያው ሰሞን ልዕልት ሮዛመንድ ሆስፒታል ልትመርቅ ወደ እኛ ከተማ እንደምትመጣና ሃያ ደቂቃ ትርፍ ጊዜ እንዳላት ተሰማ። ልዕልት ሮዛመንድ ለዙፋኑ ሃያ ምናምነኛ ናት፤ እሷ እንድትነግሥ ከፊቷ ያሉት ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ገደል መግባት አለባቸው። አቬሪል ግን ወሬውን የሰማች ዕለት ወንበር ይዛ ተቀመጠች፤ ውሃ አመጣንላት።

ከዚያ በኋላ አራት ሳምንት መከራችንን በላን። እጅ መንሳት አስተማረችን። በአዳራሹ መሐል ቆማ ቀሚሷን ያዝ፣ ጉልበቷን ሰበር እያደረገች፣ «ጀርባ ቀጥ! አገጭ ቀና!» ትለናለች። ከመካከላችን ሁለቱ ዳሌያቸው በብረት የተተካ ሴቶች ናቸው። በመጨረሻም ሥራ አከፋፈለች። ከንቲባው በር ላይ፣ ቄሱ ከከንቲባው ቀጥሎ፣ እሷ ዕቃዎቹ ዘንድ።

«እናንተ ልጆች ደግሞ» አለች ወደ እኔና ወደ አይዳ ዞራ፣ «ወጥ ቤቱን ትይዙልኛላችሁ።»

ልጆች! እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

«ስኒዎቹን እኮ የሠራናቸው እኛ ነን» አለች አይዳ።

«ለዚህ እኮ ነው፤ እናንተ ስታጥቡት አይሰበርም።»

ለምን እሺ እንዳልን ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ዕድሜ ልካችንን ከኮረብታው የወረደን ድምፅ ስንሰማ እጃችን ራሱ ሽርጥ ስለሚፈልግ ይሆናል። ብቻ የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለታችንም እጅጌያችንን ሰብስበን የአጃ ቂጣ በቺዝ እየጠቀለልን ነበር።

ልዕልቲቱ አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ ገባች። ከኋላዋ አንድ ቀጭን ሰውዬ ሰዓቱን እያየ የውሃ ጠርሙስ ተሸክሞላታል። እኛ ምግብ በሚተላለፍበት መስኮት አንገታችንን አስግገን እናያለን። አቬሪል እጅ ስትነሳ በጣም ዝቅ ከማለቷ የተነሳ መነሳት አቃታት፤ ከንቲባው በብብቷ ገብቶ አነሳት። አይዳ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ አፏ ውስጥ ወተፈች።

ልዕልቲቱ በጠረጴዛዎቹ መካከል ረጋ ብላ ሄደች። ከዚያ ለዘውድ በዓል የተሠራ አንድ ስኒ አንስታ ገለበጠችው። በእኛ ከተማ ሰው ቤት ሻይ ሲቀርብለት ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ ለማየት ስኒ የማይገለብጥ ሰው የለም፤ ሙሽራ እንኳ በሠርጓ ቀን ታደርገዋለች። ልዕልቲቱ ከማን እንደተማረችው እንጃ። ቂጡ ላይ ካለው የፋብሪካ ማህተም ሥር ጥፍር የማታህል ሰማያዊ ቅጠል አለች።

«ይህችስ ምንድን ናት?» አለች።

አቬሪል ዓይኗን እንኳ አላሸችም። «የቤተ መንግሥት ምልክት ናት፣ ልዑልነትዎ። ለንጉሣውያን ማዕድ ከተመረጡት ላይ ብቻ ነው የምትገኘው።»

አይዳ ጨርቁን ከአፏ አወጣች። «የኔሊ ታምስ ቅጠል!» አለችኝ። «የኔሊ እኮ ናት!»

ኔሊ ታምስ እኔን ብሩሽ አያያዝ ያስተማረችኝ ሴት ናት። ንጉሥ የሚል ቃል ስትሰማ ወደ ጎን እንትፍ የምትል፣ ለዘውድ በዓሉ ሦስት ሺህ ዘውድ ስላ ስትጨርስ «አሁን ደግሞ አንገታቸውን ስጡኝ» ያለች ሴት። አቬሪል እሷን ነው የቤተ መንግሥት ምልክት ያደረገቻት።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እጄ ሳሙና በሳሙና እንደሆነ፣ ሽርጤን እንዳደረግሁ፣ ራሴን ልዕልቲቱ ፊት አገኘሁት።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ይህች የኔሊ ታምስ ምልክት ናት። ሁላችንም ምልክት ነበረን። አበባው ተጣሞ ከወጣ አለቃው ማን ላይ እንደሚጮህ እንዲያውቅ ነው።»

 ቄሱ ጣሪያውን ያያል። አቬሪል ከአንገቷ ጀምራ ቀላች።

ልዕልቲቱ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ደክሟቸዋል እንጂ ክፉ አይደሉም። «እርስዎም ምልክት ነበርዎት?»

እንግዲህ እዚህ ላይ የሆነውን መደበቅ ይቻለኝ ነበር፤ ግን አይዳ በሕይወት ሳለች ምንም ነገር አይደበቅም። ጉልበቴ ታጠፈ። ማንም ሳያዘኝ፣ ያንን አራት ሳምንት ሙሉ ስስቅበት የኖርኩትን ነገር፣ ሰበር ብዬ እጅ ነሳሁ። «ሁለት ነጥብ፣ ልዑልነትዎ» አልኩ፤ ድምፄ የአምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

«በጣም ደስ ይላል» አለች ልዕልቲቱ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ከጠርሙሷ አንድ ጊዜ ውሃ ተጎነጨች፤ ሻያችንን አልቀመሰችም፣ የአጃ ቂጣችንንም አላየችውም። ከመኪናዋ ወርዳ ተመልሳ እስክትገባ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጀባት።

በማግስቱ የከተማችን ጋዜጣ ወጣ። ፊት ገጹ ላይ አቬሪል ስኒውን ይዛ ከልዕልቲቱ ጋር ትስቃለች፤ በጠርዙ በኩል የእኔ ክርን ይታያል። ከሥሩም «የቀድሞዋ ስኒ ሠዓሊ ወይዘሮ አቬሪል ፔድሊ ምልክታቸውን ለልዕልቲቱ ሲያሳዩ» ይላል።

አንብቤ እንደጨረስኩ አይዳ ደወለችልኝ። «እንኳን ደስ አለሽ፤ ክርንሽ ዝነኛ ሆነ» አለችኝ። ወዲያው ግን ድምፅዋ ተለወጠ። «ሂልዳ፣ ይቺ ሴትዮ እኛን ሆና እኮ ጋዜጣ ላይ ወጣች።» ማዕዘኑ ላይ ያለው ሱቅ ጋዜጣ አልቆበት ነበር። አቬሪል ሁሉንም ገዝታ ሄዳለች።

ሐሙስ ደረሰ። አይዳ ቀድማ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ሳህን፣ ሳህኑ ተቀምጦባት በእጅ የምትዞር መደገፊያ፣ ቀለምና ብሩሽ ደርድራለች። አቬሪል ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ አፏን ልትከፍት ስትል አይዳ ወንበር ሳበችላት።

«ይቀመጡ፣ የቀድሞዋ ሠዓሊ ወይዘሮ ፔድሊ። እስቲ አንድ መስመር ያዙሩልን።»

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች አቬሪል። «የተሳሳተው ጋዜጠኛው ነው።»

«ታዲያ ለምን አላረምሽውም?» አልኳት።

 «ፎቶው ጥሩ ነበር» አለች።

ብሩሹን ታነሳለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ አነሳችው። ኩራቷ እንዲህ ነው፤ ገደል አፋፍ ላይ ሆና እንኳ መንገዱን አውቀዋለሁ ትላለች። አይዳ መደገፊያውን አዞረችላት። መስመሩ የሰከረ ሰው መንገድ ሆነ፤ ሲወጣ ሲወርድ ቆይቶ ጫፍና ጫፉ ሳይገናኝ ቀረ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። ሳቃችን ክፉ ነበር፣ አልክድም። አርባ ዓመት የተጠራቀመ ነው።

አቬሪል ብሩሹን በቀስታ አስቀመጠች። ከሁሉ መርጣ እኔን አየችኝ።

«አንቺስ?» አለች። «እኔ እጅ ስነሳ የማምንበትን ነው ያደረግሁት። አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ስታላግጪ ኖረሽ፣ አንዲት ካፖርት ዞር ብላ ስታይሽ ወለል ልትልሺ ደረስሽ። ቢያንስ እኔ ምን እንደሆንኩ አውቀዋለሁ።»

አይዳ መልስ ትሰጥልኛለች ብዬ አየኋት፤ ስኒዋ ውስጥ ታያለች። አቬሪል ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። 

ሦስት ሐሙስ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ጋዜጣው ላይ፣ ከጠፋ ኤሊ ማስታወቂያ ሥር፣ ሦስት መስመር እርማት ወጣ፦ ወይዘሮ ፔድሊ ሠዓሊ ሆነው አያውቁም፤ ሠዓሊዎቹ እነ አይዳ ሸራትና ሂልዳ ክላሎ ናቸው ይላል። ስሜን አበላሽተውታል። የጻፈችላቸው ራሷ አቬሪል እንደሆነች የነገረን ቄሱ ነው።

በአራተኛው ሐሙስ ትልቅ ካርቶን አቅፋ መጣች። ሰላም አላለችንም። እያንዳንዱን ስኒ ከፎጣ እየፈታች፣ አፉን ወደ ታች ቂጡን ወደ ላይ እያደረገች ጠረጴዛው ላይ ደረደረችው።

«የትኛው የማን እንደሆነ ንገሩኝ» አለች። «ስማቸውን ልጽፍ ነው።»

እኔ በሆዴ፣ ስኒው አልበቃ ብሏት አሁን ደግሞ እኛን ልትሰበስብ ነው አልኩ። ዛሬም ከዚህ ሐሳቤ ፈቀቅ አላልኩም። አይዳ ግን፣ ከሁላችን በላይ ስትስቅ የነበረችው አይዳ፣ መነጽሯን አድርጋ ቁጭ አለች። «ይቺ የማቤል ናት፤ ግራኝ ስለነበረች አበባዋ ሁሉ ወደ ግራ ያጋድላል። ይቺ የሴት ልጇ ናት። ይቺ ደግሞ...» እያለች ቀጠለች። አቬሪል በጥሩ የእጅ ጽሕፈቷ ትጽፋለች። ሰማያዊዋ ቅጠል ጋ ሲደርሱ አይዳ «ኔሊ ታምስ። ነገሥታትን አጥብቃ ትጠላ ነበር» አለች።

አቬሪል እስክሪብቶዋን አነሳች። «እሱም ይጻፍ?»

«ይጻፍ» አልኩ እኔ።

ጻፈችው፤ ከንፈሯን ነክሳ።

በበጋ ዐውደ ርእዩ በቤተ መጻሕፍቱ እንደገና ተከፈተ፤ ከየስኒው ሥር የሰው ስም አለበት፣ በጠቅላላው አርባ አንድ ስም። ምንም ልዕልት አልመጣችም። የመጡት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ የእናታቸውንና የአያታቸውን ስም በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የአውቶቡስ ሾፌር ልብስ የለበሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ኔሊ ታምስ የሚለው ካርድ ፊት ቆሞ ቀረ። የልጅ ልጇ ነው። ካርዱን ሲያነብ ብቻውን ሳቀ። ከዚያ አቬሪልን «ልያዘው?» አላት።

አቬሪል የመስታወቱን በር ከፍታ ሰጠችው፤ እንዳይወድቅ ሁለት እጇን ከሥሩ ዘርግታ ቆመች። እሱ አገላብጦ አየው።

«ከቤታችን አንድም የእሷ ስኒ አልቀረም» አለ። «ሻይ ብጠጣበት ቅር ይልዎታል?»

የአቬሪል ፊት ነጣ። ስኒው ከተሠራ ጀምሮ ትኩስ ነገር አልነካውም። እኔን አየችኝ፤ ምን እንደፈለገች እንጃ፣ እንድከለክልላት ይሆናል። አልከለከልኩም።

«በወተት ነው የሚጠጣው?» አለችኝ በመጨረሻ፣ እሱ ፊቷ ቆሞ ሳለ።

«ጠይቂው፤ አፍ አለው» አልኳትና ውሃ ልጥድ ሄድኩ።

ሁለት ስኳር ጨምሮ ጠጣው፣ ቆሞ፣ ቀስ ብሎ። ሲጨርስ ስኒውን ራሱ አጥቦ፣ አድርቆ መለሰላት። አቬሪል በመስኮቱ ብርሃን አየችው፤ ምንም ስንጥቅ አልነበረውም።