የሊኑክስ ሰዎች አሮጌ ላፕቶፕ የሚወዱባቸው ምክንያቶች፣ ከአራተኛው በቀር

1.

አልተበላሸም ነበር።

ከዚህ ነው የምጀምረው። ጽሑፉን ያዘዘኝ የድረ ገጽ አዘጋጅ ቅር ካለው ይበለው። «የሊኑክስ ተጠቃሚዎች አንዳንድ ላፕቶፖችን ለምን ይወዳሉ? በቁጥር በቁጥር አድርገሽ፣ ሰው ፈገግ እያለ የሚያነበው ነገር ጻፊልን» ነበር ያለኝ። በቁጥር እጽፍለታለሁ። ፈገግታውን ግን ከሌላ ይፈልግ፤ እኔ ደሜ ፈልቷል።

ርብቃ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሊኑክስ ምንድን ነው ለምትሉ፦ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሥርዓት ነው፣ እንደ ዊንዶውስ። ልዩነቱ፣ ባለቤት ነኝ ብሎ የሚቆልፍባችሁ የለም። ያልተመቻችሁን ትቀይራላችሁ፣ የጎደለውን ትጨምራላችሁ። ከዚህ በላይ እንዳታስለፈልፉኝ፤ ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም።


2.

የመጀመሪያው ምክንያት፣ ኪቦርዱ።

ቲንክፓድ የሚባለውን ላፕቶፕ ሳታዩት አትቀሩም። ጥቁር፣ ከባድ፣ ማዕዘኑ የሾለ፣ ቁንጅና የሚባል ያልጎበኘው። ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ሲሠሩበት ኖረው ሲሰለቻቸው ወደኛ ይመጣል። የሊኑክስ ሰው ካገኘው እንደ ጠፋ ዘመድ ነው የሚቀበለው። ቁልፎቹ ጠለቅ ይላሉ፤ ስትጫኑ መጫናችሁን ጣታችሁ ያውቀዋል። መሀል ላይ፣ ከቁልፎቹ መካከል፣ ቀይ ጉብ ያለች ነገር አለች። ሰው በማውስ ፈንታ ይጠቀምባታል።

ጋሼ አስናቀው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው የሚፈልጓት። ጣታቸውን እሷ ላይ ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ወዲህ ወዲያ ብለው የፈለጉት ቁልፍ ላይ ይደርሳሉ። ቀይ መሆኗን የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«ቀይም ትሁን ጥቁር፣ እኔ የወደድኩት ቦታዋን አለመልቀቋን ነው» አሉኝ።

ጋሼ አስናቀው የታሪክ መምህር ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይናቸው አያይም።


3.

ሁለተኛው ምክንያት፣ ይከፈታል።

ካቻቢቴ ካላችሁ ይከፈታል። ባትሪው ከደከመ ባትሪውን፣ ኪቦርዱ ላይ ሻይ ከተደፋ ኪቦርዱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ከሁለት ሙት አንድ ደህና ይወጣል። ሊኑክስ ስትጭኑበት ደግሞ አያኮርፍም። ድምፁም ዋይፋዩም ወዲያው ይሠራል፤ በየአገሩ ያሉ የኔ ቢጤ ነገረኞች እዚሁ ማሽን ላይ ሲለፉ ስለኖሩ ነው።

የጋሼን ላፕቶፕ የሠራሁት እንዲሁ ነው። ኮሌጁ መጋዘን ውስጥ ከተጣሉ ሁለት ቲንክፓዶች አንድ አወጣሁ። ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ጽሑፍን በአማርኛ ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ጨመርኩበት። ድምፁ ቆርቆሮ ነው። የሚጠብቀውን ያላላል፣ የሚላላውን ያጠብቃል። ግን ያነባል።

ጋሼ ሲለምዱት ፍጥነቱን ጨመሩት። ደግመው ጨመሩት። አሁን ለኛ ጆሮ ቃል አይደለም፤ ጣቢያው በደንብ ያልገባ ራዲዮ ነው። እሳቸው ግን እኔ አንድ ገጽ ሳልጨርስ ምዕራፉን ጨርሰው ሻይ ያዛሉ።

ስክሪኑን ደግሞ አጥፍተውታል። ምን ሊያደርግላቸው? «ባትሪዬን ለምን ይበላል» ይላሉ። «ደግሞ ፈተና ሳወጣ ከጀርባዬ ቆሞ የሚያጮልቅ አይኖርም።» መምህራን ማረፊያ ክፍል መሀል ተቀምጠው፣ ሰው ሁሉ በጀርባቸው እያለፈ፣ ፈተና ያወጣሉ። አንድም ጥያቄ አፈትልኮ አያውቅም።

እና እንግዲህ፦

ጨለማ ስክሪን።

የሚንጫጫ ስፒከር።

ያዙልኝ።


5.

ለኮሌጃችን አዲስ ላፕቶፕ መጣ። ስስ፣ ብርማ፣ ዳቦ የሚቆርጥ የሚመስል። አዳራሽ ተጠርተን አጨበጨብን፤ ፎቶ ተነሣን። የድሮው ሁሉ ተሰብስቦ ይወገድ ተባለ። እኔም እንደ ሞኝ አጨብጭቤያለሁ። የጋሼ ላፕቶፕ ከድሮው ይቆጠራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ጋሼ ያን ሰሞን ወልዲያ ለቅሶ ሄደው ነበር። ላፕቶፑን ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል። የመሳቢያው ትርፍ ቁልፍ ጽሕፈት ቤት አለ። ከፍተው ወሰዱት።

ስልክ የደወለላቸው የለም።

ማንም።


6.

ንብረት ክፍል። ቃል በቃል ባይሆንም ከዚህ አይርቅም።

እኔ፦ የመምህር አስናቀው ላፕቶፕ የት ሄደ?

ወይዘሮ እቴነሽ (የንብረት ክፍል ኃላፊ)፦ ከሚወገዱት ጋር ነው። የተበላሸ ነው እኮ።

እኔ፦ ማን ነው ተበላሽቷል ያለው?

ወይዘሮ እቴነሽ፦ ኑረዲን አይቶታል።

ኑረዲን (የጥገና ባለሙያችን፣ በሩን ተደግፎ)፦ አብርቼዋለሁ። ስክሪኑ ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ሞቷል። ስፒከሩም ተቃጥሏል፤ ዝም ብሎ ይንጫጫል።

እኔ፦

(እዚህ ጋ የጎደለ ነገር የለም። አፌ ተሳስሮ ነው።)

እኔ፦ ኑረዲን። ሰውየው እኮ ዓይነ ስውር ናቸው።

ወይዘሮ እቴነሽ፦ አዲስ ሰጥተናቸዋል አይደል እንዴ? ከሁላችንም እኩል ነው የደረሳቸው።


7.

እኩል።

እስቲ እኩሉን ልንገራችሁ። አዲሱ ላፕቶፕ ቁልፎቹ እንደ መስታወት ለጥ ያሉ ናቸው። ቀይዋ የለችም። ከሥሩ አንድ ብሎን አይታይም፤ ተጣብቆ ነው የተሠራው። ሊኑክስ ልጭንበት ስል ቆልፈውታል። የይለፍ ቃሉ አቅራቢው ዘንድ ነው፤ አቅራቢው ስልክ አያነሣም። የሚያነብ ፕሮግራም ብቻ ልጨምርበት ብል እሱንም እንቢ አለ። ጋሼ ከወልዲያ ሲመለሱ ጠረጴዛቸው ላይ ያገኙት ይሄን ነው። ፕላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። በእጃቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት፣ መሀሉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ፣ ከዚያ መልሰው ከደኑት።

የኮሌጁ ዲን አስጠሯቸው፤ እኔም ተከትዬ ገባሁ። ዲኑ ነገሩን አስበውበታል፣ መፍትሔም አላቸው። የሚያነብላቸው ሰው ይመደባል፤ በየቀኑ ይመጣል፣ የፈለጉትን ያነብላቸዋል፣ የፈተና ወረቀትም ያርምላቸዋል።*

ጋሼ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተነሡ።

* ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ወይዘሮ እቴነሽም፣ ኑረዲንም። አንጀቴን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር።


8.

ደረጃው ላይ ክንዴን ይዘው ሲወርዱ ጋሼ ቆሙ። ተማሪ እያሉ ሰው ነበር የሚያነብላቸው። ደግ ደጉ ሁሉ ያነብላቸው ነበር፤ ጓደኛ፣ የሰፈር ልጅ፣ ቄሱ ሳይቀሩ። የደከመው ይዘላል። የቸኮለው ያሳጥራል። ያዘነላቸው ደግሞ የሚያስከፋውን ቦታ ያልፍላቸዋል። አንድ ጊዜ ፈተና የወደቁት አንባቢያቸው ረጅም ነው ብሎ በዘለለው ምዕራፍ ነው። ይህን ሁሉ ሳቅ እያሉ ነው ያወሩኝ፣ እንደ ሌላ ሰው ወሬ።

ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«ርብቃ፣ ማየት አልለመንኩም። የተዘለለብኝ ነገር ምን እንደሆነ ሳላውቅ መኖር ግን በቅቶኛል። አንባቢ የሚመደብልኝ ከሆነ ማስተማሩን እተወዋለሁ። ያላነበብኩትን አላስተምርም።»

እተወዋለሁ ካሉ ይተዉታል። አውቃቸዋለሁ። ያንን ላፕቶፕ ካላገኘሁ ኮሌጁ ጋሼን ያጣል፣ ጋሼ ደግሞ ሥራቸውን። ማልቀሱን ለሌላ ጊዜ አቆየሁት።


9.

እናንተ ግን።

ቁጥር አራት የለም። አስተውላችኋል?

ከሦስት ወደ አምስት ነው ያለፍኩት። ያስተዋላችሁ፣ ገጹ ፊታችሁ ስላለ ነው፤ ወደ ላይ መለስ ብላችሁ ማየት ስለምትችሉ። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው ቢያነብላችሁና ቁጥሮቹን ባይጠራ ኖሮስ? ሆን ብሎ ቢዘል፣ ረስቶ ቢዘል፣ ለናንተው ብሎ ቢዘል፣ በምን ታውቁ ነበር? ምንም አልጎደለም ብላችሁ፣ አመስግናችሁ ትሄዱ ነበር።

አሁን አዘጋጁ ደውሎ «አራትን ረሳሽው» ይለኝ ይሆናል። አልረሳሁም።


10.

የተወገደ ላፕቶፕ ከመጋዘን ማውጣት ለምትፈልጉ፦

የጥገናው ባለሙያ ዘንድ ሂዱ። አትጩኹበት። (ጮህኩበት።) የላፕቶፑ ባለቤት ስክሪን የሚያጠፉት ለምን እንደሆነ ንገሩት። ፊቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። «ለምን አልጠየቅኳቸውም?» ሲል አታጽናኑት። ተዉት፣ ይብሰልሰል። የመጋዘኑን ቁልፍ ያንሣ፣ ካቻቢቴውን ኪሱ ይክተት።

ባለቤቱን ይዛችሁ ሂዱ። ስለሳቸው ጉዳይ ያለ እሳቸው ሲመከር ሰንብቷልና።

መጋዘኑ ውስጥ ላፕቶፖቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ቲንክፓድ። እኔና ኑረዲን ተደናገርን። ጋሼ ግን እጃቸውን ዘርግተው እያንዳንዱን ጠርዙን ዳሰሱ፤ ማጠፊያው አጠገብ አንዱ ስንጥቅ አለው፣ እኔ ስሠራው በማጣበቂያ የደፈንኩት። «ይሄ ነው» አሉ።

ኑረዲን ገለበጠው። ሃርድ ዲስኩ የለም።

ደንብ ነው። የሚወገድ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ ይጠራቀማል፣ ከዚያ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። የጋሼ የትምህርት ዝግጅት፣ ያነበቡት መጽሐፍ ሁሉ፣ ያ ቆርቆሮ ድምፅ፣ ስክሪኑን የሚያጠፋው ትእዛዝ፣ ለጣታቸው ብዬ ያስተካከልኩት እያንዳንዱ ነገር እዚያ ዲስክ ላይ ነው። ኑረዲን ማዕዘን ላይ ያለውን ካርቶን አሳየኝ። በዲስክ ተሞልቷል። የትኛው ዲስክ የማን እንደሆነ አልተጻፈበትም።

«መቼ ነው የምታጠፉት?» አልኩት።

«ከምሳ በኋላ» አለ። ድምፁ አይሰማም።


11.

ሦስተኛው ምክንያት፣ ዲስኩ አንድ ብሎን ፈታ ሲደረግ ተስቦ ይወጣል፤ ሌላውን ገፋ ታደርጉና ታበራላችሁ። ያ ስስ ብርማ ላፕቶፕ ቢሆን ኖሮ ገና ክዳኑን ስንፈለቅቅ ተሰብሮ ነበር።

ጋሼን ሣጥን ላይ አስቀመጥናቸው። ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረግን። የመጀመሪያውን ዲስክ ከተትን፤ ኑረዲን አበራው።

ስክሪኑ ቦግ አለ። የሆነ መምህር ዊንዶውስ፣ የልጆቹ ፎቶ ከነኬካቸው።

ኑረዲን ክው ብሎ ቀረ። ሞቷል ያለው ስክሪን ነው ፊቱ ላይ የሚያበራው።

«በራ?» አሉ ጋሼ።

«በራ» አልኳቸው።

«እንግዲያው የኔ አይደለም።»

አወጣን፣ ሌላ ከተትን። በራ። ሌላ። በራ። ሌላ። መብራት እንዲህ ጠልቼ አላውቅም። ካርቶኑ እየጎደለ ነው። ወይዘሮ እቴነሽ በሩ ላይ መጥተው «ያለ ፈቃድ ምን ትነካካላችሁ?» አሉ። እኛ ብሎን መፍታታችንን ቀጠልን። እሳቸውም አልሄዱም።

ሌላ።

ስክሪኑ ብልጭ አለ።

ጠፋ።


ጨለማ።


ትንሽ ቆይቶ ስፒከሩ መንጫጫት ጀመረ። ያ የተቃጠለ ድምፅ፣ ያ ጣቢያው ያልገባ ራዲዮ፣ መጋዘኑን ሞላው። ወይዘሮ እቴነሽ ጆሯቸውን ያዙ። ኑረዲን ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

የጋሼ ጣት ቀይዋን ፈልጎ አገኛት። ከዚያ መሄድ ጀመረ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ታች፣ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። እኔ ሁለት ደህና ዓይን ይዤ ጥቁር መስታወት ላይ አፈጣለሁ። ምንም አይታየኝም። ምንም አይገባኝም።

«ጋሼ፣ ምን ይላል?» አልኳቸው።

«ቆዪ» አሉኝ። «እያነበብኩ ነው።»




4.

አራተኛው ምክንያት፦ (ይህን ያነበቡት ጋሼ ናቸው፤ ለእኛ ስክሪኑ ጠፍቷል።)