የሴቴዋ ቆዳ

ዳጎቤርቶ ሊሞንታ ሐሰተኛ ቦንጎ ሲያይ ይሳደባል። የሚሳደበው ግን ሻጩን አይደለም፤ ከበሮውን ነው። «አንተ አስመሳይ! ትናንት ተጠርበህ ዛሬ ሽማግሌ ነኝ ትላለህ?» ይለዋል፣ ስልኩን አፍንጫው ሥር ደቅኖ። ከሃቫና፣ ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮ በኢንተርኔት ጨረታ አሮጌ የእጅ ሥራ ቦንጎ የሚያድኑ ሰዎች መጀመሪያ ፎቶውን ለእሱ ይልካሉ። እሱ «ግዛ» ካለ ዋጋው ሰማይ ይወጣል፤ «ተው» ካለ ያንን ከበሮ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህን ሁሉ ፍርድ የሚሰጠው ጓንታናሞ፣ ሎማ ዴል ቺቮ ሰፈር፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ከማትለየው ትንሽ ክብ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ማለት ይወዳል። አዎ፣ ለከበሮ ከሥሩ ነው የሚጀምረው። ለሰው ግን አይደለም። ሰውየው ቂመኛ ነው፤ ምን ይደበቃል? ከታናሽ ወንድሙ ከኔሜሲዮ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ኖረዋል፣ ያውም በአንድ ሰፈር! በእናታቸው ቀብር እንኳ አንዱ ከሳጥኑ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ቆመው አልቅሰው ሳይነጋገሩ ተመለሱ።

ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ያኔ በችግሩ ዘመን፣ ሥጋና ወተት ከገበያ ጠፍቶ የሰው ዓይን ከረሃቡ ብዛት ይፈዝ በነበረበት ጊዜ፣ የአባታቸው የፕላሲዶ ቦንጎ ከቤት ጠፋ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ኔሜሲዮ ጆንያ ተሸክሞ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሲሄድ ጎረቤት አይቶታል። ዳጎቤርቶ ዓይኑ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ይህን ሲነግሩት ግድግዳ እየዳበሰ ወጥቶ ወንድሙን በሰው ፊት «ሌባ!» አለው። ኔሜሲዮ አልመለሰለትም። አባትየውም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። በቃ፣ ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ሽማግሌውም ዝም እንዳለ ሞተ።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው አንዲት ጠንካራ ሴት ጆንያ በትከሻዋ ይዛ ከጥላው ሥር የገባችው።

«እንደምን አደሩ አጎቴ?»

ዳጎቤርቶ ቀና ብሎ አያትና ወደ ስልኩ ተመለሰ። «የማን ልጅ ነሽ?»

«ይኸው አፍንጫዎን ፊቴ ላይ ተሸክሜ እየዞርኩ የማን ልጅ ነሽ ይሉኛል? ማይሌን ነኝ፣ የኔሜሲዮ ልጅ።»

«እኔ ኔሜሲዮ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«እሱ ግን ያውቅዎታል። ማዶ የዶሚኖው ጠረጴዛ ጋ ቆሟል። ካልጠሩት አይገባም፤ ለምኜው ለምኜው እዚያ ድረስ ነው የመጣልኝ።» ጆንያውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠችው። «የአያቴ ቦንጎ ጨረታ ላይ ወጣ። ሞተር ብስክሌቴን ሸጬ፣ ማድሪድ ያለው የእናቴ ወንድም ልጅ ተጫርቶ ገዛልኝ። ፎቶውን ያልላክሁልዎ ‘ተዪው’ እንዳይሉኝ ነው። ሻጩ እንደተባለው ካልሆነ ገንዘቡን እመልሳለሁ ብሏል፤ ግን እስከ ዛሬ ማታ ካሳወቅነው ነው። ይዩልኝ።»

«ምን ብሎ ሸጠልሽ?»

«የፕላሲዶ ሊሞንታ ሥራ ነው፣ ቆዳውም የጥንቱ ነው ብሎ።»

ዳጎቤርቶ ሳቀ፤ ደግ ሳቅ አልነበረም። «የጥንቱ ቆዳ ነው? እንግዲህ አባትሽን በገዛ ገንዘብሽ ሌባ አስባልሺው።»

አባባሉ ገብቷታል። የዚህ ሰፈር ከበሮ ሠሪ ከበሮውን የሚሸጥ ከሆነ ቆዳውን በገዛ እጁ ገፎ ያስቀራል፤ እንጨቱ የገበያ ነው፣ ድምፁ የቤት ነው ይላሉ። ከሎማ ዴል ቺቮ ወጥቶ የጥንት ቆዳውን እንደያዘ ጨረታ ላይ የሚወጣ ቦንጎ ባለቤቱ ያልሸጠው ነው። ገዢዎች የሚሻሙት ደግሞ ያንኑ ነው! ቆዳው የተለወጠ ከበሮ ከግማሽ ባነሰ ዋጋ ይወድቃል።

«አውቃለሁ» አለች ማይሌን። «ሌባ ከሆነም ዛሬ ይለይለት። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ‘የሌባው ልጅ’ ስባል ነው ያደግሁት። ስጠይቀው ‘ተዪው ልጄ’ ነው የሚለኝ። እርስዎ ከበሮውን ከሥሩ ያያሉ፤ ወንድምዎን ግን የፈረዱበት በጎረቤት ወሬ ነው። ዛሬ ከሥሩ ይዩት።»

«ምላስሽ ረዝሟል።»

«ይርዘም! ይፍቱት አጎቴ።»

ጆንያውን ፈታው። ሁለቱ ከበሮዎች፣ ትንሹ ወንዴውና ትልቋ ሴቴዋ፣ በመሐላቸው ባለው ድልድይ እንጨት እንደተያያዙ ጭኑ ላይ ወጡ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያሸታል፣ ያንኳኳል፣ በማጉያ መነጽር ያያል። አሁን ግን ጣቱ ሳያዘው ወደ ድልድዩ እንጨት ሄደ፤ እዚያ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች አሉ። ኔሜሲዮ ጥርስ ሲያወጣ የነከሰው ነው። እናታቸው እየሳቀች «አባትህን በላኸው» ትለው ነበር።

ማይሌን ፊቱን ታየዋለች። «ነው?»

ሴቴዋን ወደ ብርሃን አዞራት። አባታቸው ግራ እጁ በልጅነቱ ስለተቃጠለ ቆዳውን በጋዜጣ እሳት ሲያሞቅና ሲያወጥር ሁልጊዜ በቀኝ እጁ ብቻ፣ በአንድ በኩል አዘንብሎ ነበር የሚይዛት። ስለዚህ ከንፈሯ በአንድ በኩል ተለብልቦ ጠቁሯል። ይኸው፣ ጥቁሩ እንጨቱ ላይ አለ። በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ተከተለው። እንጨቱ የከሰለበት ደረሰ፣ አለፈና ቆዳውን ነካ።

ቆዳው ንጹሕ ነበር።

ክው አለ። አሮጌ ቆዳ ነው፣ ቢጫ ሆኗል፣ የብዙ እጅ ላብ ጠጥቷል፤ ፎቶ ላይ ማንንም ያታልላል። እሳት ግን አላየም። ዳጎቤርቶ ቦንጎው ከመጥፋቱ በፊት በነበረው ምሽት፣ ዓይኑ ደብዝዞ እንኳ፣ ሴቴዋ ቆዳ ላይ ያንን ጥቁር ጠባሳ በመዳፉ ዳብሷል። አባቱ እንዲጫወት ሰጥቶት ነበር። በዚህ እርግጠኛ ነው።

«አጎቴ፣ ምን ሆኑ?»

«ዝም በይ!»

እዚህ ላይ ክፉ ሐሳብ መጣበት፤ እኔ አልሸፍንለትም። «ውሸት ነው፣ የአባቴ ሥራ አይደለም» ቢላትስ? ማን ይከራከረዋል? ልጅቱ ገንዘቧን ታስመልሳለች፣ ከበሮው ወደ መጣበት ይሄዳል፣ እሱም በርጩማው ላይ እንደተከበረ ይኖራል። አንዲት ቃል ብቻ ናት። አፉን ከፈተ። ማዶ አንድ ሰው የዶሚኖ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ መታ፤ ሌሎቹ ሳቁ። «አላውቅም» ያለው ሰው ግን እዚያው እንደቆመ ነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። ሸብቷል። መቼ ነው እንዲህ የሸበተው?

ዳጎቤርቶ አፉን ዘጋ። ጉጠቱን አንስቶ ከሴቴዋ ጎን አንዷን ምስማር ቀስ ብሎ ነቀለ፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋን። ላብ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ ወረደ። የፈራው የቆዳውን መተርተር ሳይሆን ከሥሩ የሚያገኘውን ነው። የቆዳውን ጠርዝ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ የድሮ ምስማሮች ቀዳዳ በረድፍ አለ፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ በንብ ሰም ተደፍኗል።

ሌባ ሰም አይደፍንም። ሌባ ይቸኩላል። ቆዳ ከገፈፈ በኋላ እንጨቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ብሎ ቀዳዳውን አንድ በአንድ የሚደፍን ሰው ጓንታናሞ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀብረውታል።

«ቆዳው ተለውጧል» አለ በመጨረሻ።

ማይሌን ደሟ ከፊቷ ሸሸ። «ተበላሁ ማለት ነው?»

«አንቺ አይደለሽም። የተበላሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለት ነው? ማድሪድ ልደውል? ገንዘቡን ላስመልስ?» ስልኳን አወጣች።

«እንዳትደውዪ!» ጮኸ፤ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞር አሉ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጄ፣ እንዳትደውዪ። ቦንጎው የአባቴ ነው። ቆዳውን የገፈፈው ራሱ አባቴ ነው። ከቤት የወጣው ራቁቱን ነው። አየሽ? ተሸጦ ነው እንጂ ተሰርቆ አይደለም። አባትሽ የተሸከመው ራሱ አባቴ ያሸከመውን ነው።»

ማይሌን በቆመችበት ተቀመጠች፤ መሬት ላይ። ጉልበቷን አቅፋ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አላልኩም?» ትላለች እያለቀሰች፤ እንዲያውም አላለችም ነበር። ቆይታ ግን ፊቷን ጠርጋ፣ የእሱኑ ሙያ መልሳ ጠየቀችው። «ታዲያ የጥንቱ ቆዳ የት ገባ? የቤት ነው ብላችሁ የምታስቀሩት፣ የት ነው የምታስቀሩት?»

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዳጎቤርቶ ቤቱን በዓይኑ ዞረ። ግድግዳ ላይ የለም፣ ሣጥን ውስጥ የለም፤ ኖሮ ቢሆን በዚህ ሁሉ ዘመን አይቶት ነበር። አባቱ በዚያ ዓመት ምን ሠራ? ምንም አልሠራም፤ ከበሮ የሚገዛ አልነበረም። የሠራው ይህችን ብቻ...

ቀስ ብሎ ተነሣ። ቦንጎውን ለማይሌን ሰጥቶ በርጩማዋን አነሣና ገለበጣት።

ሠላሳ ዓመት የተቀመጠባት ቆዳ በልብሱ ተፍቃ እንደ መስተዋት ታበራለች። ከጠርዟ ሥር ግን፣ ማንም በማያይበት፣ የሁለት ዙር ምስማር ቀዳዳ አለ፤ አንዱ የበርጩማው፣ አንዱ የጥንት። በአንድ በኩልም ጥቁር የእሳት ጠባሳ አለባት። ከባሕር ማዶ ያለን ቆዳ በፎቶ የሚፈርደው ሰውዬ ሴቴዋን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ነበር ወንድሙን ሲረግም የኖረው። ጉድ በል!

ያኔ ሁሉም ነገር ተያይዞ መጣበት። አባቱ ይህችን በርጩማ ፀሐይ ላይ አድርጎ፣ እሱን እጁን ይዞ ያስቀምጠውና ጉበት ያጎርሰው ነበር። በየቀኑ ጉበት፣ እንቁላል፣ የላም ወተት። «ክርስትና እናትህ ናት ከገጠር፣ ከያቴራስ የላከችልህ፤ ብላ» ይለዋል። ክርስትና እናቱ! እሷ ራሷ በዚያ ዓመት በማላንጋ ሥር ነፍሷን ያቆየች ሴት! ለካ ጉበቱ የቦንጎው ዋጋ ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ በርቶለት፣ ጣቱን መቁጠር ሲችል አባቱ አልቅሶ ነበር። ዳጎቤርቶ የደስታ ነው ብሎ አላጠያየቀም። ቢያውቅ ኖሮ አንድ ጉርሻ አይውጥም ነበር፤ አባቱ ደግሞ ልጁን ያውቀዋል።

«ኔሜሲዮ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ ተሰነጠቀ። «ኔሜሲዮ፣ ና!»

ዶሚኖው ቆመ። ሰውየው ባርኔጣውን እንደያዘ መንገዱን ተሻገረ፤ ጥላው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ፀሐይ ላይ ቆመ። ዳጎቤርቶ በርጩማዋን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ ታቅፎ ቆሟል። ኔሜሲዮ በርጩማዋን አያት፣ ቦንጎውን አየ፣ ልጁን አየ።

«እኔ አልነገርኩም» አለ። «አባታችን አስምሎኝ ነበር።»

«ከሞተስ በኋላ? አንተ ድንጋይ፣ ከሞተስ በኋላ?»

«ከሞተ በኋላማ ተቀይሜህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ፈረድህብኝ።» ኔሜሲዮ ባርኔጣውን በጣቶቹ መሐል አዞረው። «የወንዴውን ቆዳ ለእኔ ሰጥቶኝ ነበር። አይጥ በላው።»

ማይሌን እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ዳጎቤርቶ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ሊለው ያሰበው ብዙ ነበር፤ ይቅር በለኝ የሚለውን ጨምሮ። ምላሱ ግን፣ ያ ከበሮ ሁሉ የሚፈራው ምላስ፣ አልታዘዝ አለው። ወንድሙ ሁለት እርምጃ ቀርቦ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ፊቱን ትኩር ብሎ አየው፤ ያኔ ታሞ ተኝቶ ሳለ ጠዋት ጠዋት ያየው እንደነበረው።

«ዓይንህ እንዴት ነው?» አለው።

«ደህና ነው» አለ ዳጎቤርቶ፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእንባው የተነሣ ወንድሙን ማየት አልቻለም። በርጩማዋን በዳበሳ መሬት ላይ አስቀመጠና «ተቀመጥ» አለው።